እናቴ ሰማያዊዋን መኪና እንዳታይ

ከእናቴ ጋር የበቅሎ መንገዱን ዳር እስከ ዳር የሄድን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ለምን እንደምንሄድ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። እኔ ግን አስረጂ አላስፈለገኝም፤ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ጨርሻለሁ። እናቴ አባቴን ጥላው ልትሄድ ነበር።

የሰማሁት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሊጠግን ዕቃ ማጠቢያው ሥር ገብቶ፣ ከወገቡ በታች ብቻ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። እናቴ ከበላዩ ቆማ ድንች ትልጣለች። እኔ ደግሞ በሩ ሥር ተቀምጬ፣ ጫማዬን የማስር መስዬ ጆሮዬን ቀስሬያለሁ።

«አትችይውም» አለ አባቴ ከታች። ድምፁ ከባልዲ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

«እችለዋለሁ።»

«ግማሹ እኮ የለም! በግማሽ እንዴት ይኬዳል?»

«የቀረው ይበቃኛል።»

«ሐኪሙ ሜዳ ሜዳውን ብቻ ነው ያለሽ።»

«ሐኪሙ የሚሄደው ከአልጋ ወደ አልጋ ነው። ስለ መንገድ እሱን አልጠይቅም።»

 ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ቆይቶ አባቴ፣ «እሺ፣ እኔ እንግዲያው በመኪናዬ ከኋላ ከኋላሽ…» ብሎ ሳይጨርስ ቢላዋዋ ቆመች።

«እንዳታደርገው! ስማኝ፣ እንዳትከተለኝ። ያቺን ሰማያዊ መኪና አንድ ጊዜ ባያት፣ በቃ፣ ሁሉም ነገር እዚያው ላይ አበቃ። ገባህ?»

አባቴ እየተሳበ ከማጠቢያው ሥር ወጣ። ፊቱ ረጥቧል። «ገባኝ» አለ።

እኔም ገባኝ። ታስሮ ያለቀውን ጫማዬን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

የበቅሎ መንገዱ ከከተማችን ጫፍ ይነሳና ተራሮቹን እየዞረ፣ ሸለቆ እየወረደ፣ መጨረሻው አሮጌው ወደብ ላይ ነው። መኪና ሳይኖር በፊት ነጋዴዎች በበቅሎ ጨው የሚያወጡበት፣ ሱፍና ቆዳ የሚያወርዱበት ነበር። ዳገቱ ሁሉ በድንጋይ የተነጠፈ ነው። አስፋልቱ ሲሠራ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ሣር ዋጠው። ኋላ ደግሞ ከየአገሩ በእግር መሄድ የሚወዱ ሰዎች መምጣት ሲጀምሩ ተጠርጎ፣ ድንጋዮቹ ላይ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ተከፈተ። እናቴ የዚያ መንገድ መሪ ነበረች። እንግዶቹን ከከተማችን ተቀብላ መሐል ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ ድረስ ታደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ የባሕር በኩል መሪዎች ይረከቧቸዋል። ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት ስትሄድ ኖራ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለውን አንድም ቀን አላየችውም።

ከዚያ ታመመች። ረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ስትመለስ ቀሚሷ ሁሉ የሌላ ሰው መሰለ። መሥሪያ ቤቷ የቲኬት መስኮት ላይ አስቀመጣት። እዚያ ሆና ለሌሎች መንገደኞች ወረቀት እየቆረጠች መልካም ጉዞ ትላለች። መሪነቴን መልሱልኝ ብላ ስትነዘንዛቸው ኃላፊው፣ «እሺ፣ መንገዱን ዳር እስከ ዳር ሄደሽ አሳዪን፣ ያኔ እንነጋገራለን» አላት። ሊገላገላት ብሎ ነው። እናቴን አያውቃትም።

ይሄን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ለራሷ ትልቅ ቦርሳ፣ ለእኔ ትንሽ ቦርሳ ማዘጋጀቷን ነው። እኔን ይዛኝ መሄዷ ደግሞ ነገሩን አረጋገጠልኝ። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ይመለሳል፤ ልጇን ይዛ የምትሄድ ሴት ግን አትመለስም። ለካ እኔን የጨመረኝ አባቴ ኖሯል። «ሚጡ አብራሽ ከሆነች ራስሽን አትገድዪም» ብሎ ለምኗት። እሷም እሺ ያለችው፣ ብወድቅ ሮጣ ሰው የምትጠራልኝ አገኘሁ ብላ ነው። እኔን መሐል አስገብተው የተዋዋሉት ሁለቱ ናቸው፤ ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም።

በጠዋት ወጣን። አባቴ በር ላይ ቆሞ ጉንጬን ሳም አድርጎ፣ «እናትሽን ጠብቂ» አለኝ። ከማን እንደምጠብቃት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እናቴ ስትሄድ ቀስ ብላ ነው። እኔ ሮጥ ብዬ እቀድማትና ተመልሼ እመጣለሁ። ዳገቱ ጠና ሲል በየመታጠፊያው ቆም ትልና፣ «ነይ እስቲ፣ ይሄን እዪ» ትለኛለች። የበቅሎ ኮቴ ሲመላለስበት ኖሮ እንደ ሳህን የጎደጎደውን ድንጋይ አሳየችኝ። ጣቴን አስገብቼ ለካሁት፤ ዝናብ ውሃ ቋጥሮበት ነበር። ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ «ይሄን እዪ» አለችኝ። ነጋዴዎቹ ጭነት አራግፈው የሚያርፉበት፣ በቁመት ልክ የተሠራ የድንጋይ ግንብ ነው። ነጋዴው ጎንበስ ሳይል የበቅሎውን ጭነት እንዲያሳርፍ። ከዚያ ደግሞ ጉንዳኖች። ከዚያ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ። እኔ እዚያ ቁጢጥ ብዬ ስመረምር እሷ በትሯን ተደግፋ፣ እጇን ቀኝ ጎኗ ላይ አድርጋ ትቆማለች። አንድም ቀን «ቶሎ በዪ» ብላኝ አታውቅም። እናቴ ውብ ነገር የምትወድ ሴት ናት፣ ታጋሽ ናት እያልኩ በልቤ ኮራሁባት።

ትንፋሽ አጥሯት ነበር። የምታሳየኝ ነገር ሁሉ ለማረፊያ የተፈለገ ሰበብ ነው። አንዳንዱን ነገር ራሷም የምታየው ከእኔ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። ያን ሁሉ ዓመት እንግዶቿን እያጣደፈች፣ ከጉንዳኖቹ በላይ ተራምዳ አልፋለች።

መኪናዋን ያየኋት በማግስቱ ነው። መንገዱ በተራራው ወገብ ላይ ይሄዳል፣ አስፋልቱ ደግሞ ከሥር እንደ እባብ ይጠማዘዛል። እዚያ ታች፣ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች። አባቴ ዳቦ የሚያከፋፍልባት ሰማያዊ መኪና፣ የፊት መከላከያዋ በሽቦ የታሰረ። በዓለም ላይ እንዲያ ዓይነት መኪና አንዲት ብቻ ናት። አባቴ በሯ ላይ ተደግፎ፣ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ወደ ላይ ያያል።

 እናቴ አጠገቤ ናት። አንገቷን አንዴ ብቻ ብታዞር ታየዋለች። አየችው ማለት ደግሞ አበቃ። ከዚያ እኔ ከማን ጋር ነው የምኖረው? ድመቷስ?

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ይሄን እዪ!» ወደ ገደሉ ግድግዳ ጠቆምኩ። ምን እንዳለ አላውቅም፤ ብቻ ከአስፋልቱ በተቃራኒ ይሁን። እግዜር ሲረዳኝ ስንጥቁ ውስጥ አንዲት እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቃለች፣ ጉሮሮዋ ብርቱካንማ።

እናቴ ጎንበስ አለች። «ውይ፣ ስታምር!» አለችና ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆመች። ቀና ስትል ክንዷን ይዤ ጎትቼ ከመታጠፊያው አሳለፍኳት። 

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘሁ። አስፋልቱ በስተቀኝ ሲሆን በስተቀኝ እኔ እሄዳለሁ። ሰማያዊ ነገር ብልጭ ሲል፣ «እማዬ፣ ይሄን እዪ!» እላለሁ። ለማሳየት ደግሞ ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዓይኔን እንደ ወንፊት አድርጌ ዛፉን፣ ድንጋዩን፣ ሰማዩን አበጥራለሁ። ጭልፊት አገኘሁ። አንድ የድሮ ነጋዴ ድንጋይ ላይ የቀረጸው የበቅሎ ሥዕል አገኘሁ፤ እሱን እናቴም አታውቀውም ነበር። አንዳንዴ እሷ «እዪ» ስትለኝ እኔም በዚያው ቅጽበት «እዪ» እላታለሁ፤ ሁለታችንም በተለያየ አቅጣጫ ጠቁመን እንተያያለን። መንገደኞች ቀድመውን ሲያልፉ፣ «እነዚህ ሰዎች ተመራማሪ ናቸው መሰለኝ» ሲባባሉ ሰማሁ።

በየማረፊያ ቤቱም ሰላም አልነበረኝም። አንደኛው ላይ ባለቤቷ ወፍራም ሴትዮ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ ለሠራተኛዋ በሹክሹክታ፣ «ይቺ ናት። ምድር ቤት ያለውን ክፍል ስጫት። ደረጃ እንዳትወጣ ተብሏል» አለቻት። ደረጃ እንዳትወጣ! እስረኛ መሆናችን ነው። አባቴ በመስኮት ገብቶ ሊወስደን እንዲመቸው ሰዎቹን ሁሉ እንደገዛቸው ገባኝ። እናቴ ግን ምንም አልጠረጠረችም፤ ትኩስ ሾርባ ቀርቦላት፣ ብርድ ልብስ ተደርቦላት፣ «የዚህ መንገድ ሰው እንዴት ደግ ነው!» እያለች ትገረማለች። እሷ ፊቷን ስትታጠብ እኔ ወንበር ገፍቼ መስኮቱ ሥር አስጠጋሁ።

ለካ አባቴ ከዳቦ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ፣ ዳቦውን በሌላ መኪና የሚያከፋፍልለት ሰው ተክቶ ነበር። በየጠዋቱ ቀድሞን ይደርስና ባለቤቶቹን ክፍሉን፣ ሾርባውን፣ ብርድ ልብሱን ይለምናቸዋል፤ ከዚያ ይሰወራል። እንዳትነግሯት ይላቸዋል። ትልቅ ሰውዬ፣ እንደ ሌባ በጓሮ በር እየወጣ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ እናቴ መሐሉ ላይ ቆመች። በሕይወቷ እስከዚያ ድረስ ነው የመጣችው። እኔ ግን ከሥር ከሚጮኸው ወንዝ ይልቅ ማዶውን ነበር የማየው፤ መንገዱ ይቀጥላል! ቢጫ ቀለሙም አለ።

«እማዬ፣ አለ እኮ።»

«ምኑ?»

«ግማሹ። አባዬ ግማሹ የለም ብሎ ነበር።»

ዞር ብላ አየችኝ። ምን ያህል እንደሰማሁ የምትገምት ይመስላል። እጇ ሳታስበው ወደ ቀኝ ጎኗ ሄደ። «አዎ፣ አለ» አለችኝ። «ይኸው ከፊታችን። ነይ እንሂድ።»

የሌለው ግማሽ የሳንባዋ ነበር፤ ሆስፒታል ሳለች ቆርጠው አውጥተውታል። እኔ ይሄን የሰማሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ሌላ ጠባይ አወጣ። እናቴ መሪ መሆኗ ቀርቶ እንደኔው እንግዳ ሆነች። ዳገቱ የት እንደሚያልቅ አታውቅም፤ ምንጩ የት እንዳለ አታውቅም። በትሯን ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ትወጣለች። ከንፈሯ አንዳንዴ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ጨዋታዋ ቀነሰ። «እዪ» የምትለኝም በቃል መሆኑ ቀርቶ በአገጯ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ቦርሳዋን ለማንሳት ስትሞክር ወንበር ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች። ወፍራም ሸሚዟን፣ ትርፍ ጫማዋን፣ መስታወቷን አውጥታ ለማረፊያ ቤቱ ሰዎች አደራ ሰጠች። ቦርሳውን እንደገና አነሳች። ተነሳላት። «እሺ» አለች፣ ለማን እንዳለች አላውቅም፣ ወጣን።

የመጨረሻው ትልቅ ዳገት «በር» የሚባለው ነው። መንገዱ በሁለት የተራራ ጫፎች መሐል ሽቅብ ይወጣና፣ አናቱ ላይ አስፋልቱን ያቋርጣል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል እስከ ባሕር። ስንጀምር ጉም ወረደብን። ቢጫውን ቀለም የማገኘው በእጄ እየዳሰስኩ ነው። ከኋላዬ የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ ይመስላል። ትቆማለች፣ ትሳባለች፣ ትቆማለች። የማሳያት ነገር የለም፤ ሁሉም ነጭ ነው። አንዴ በጉልበቷ ተንበረከከች። እጄን ዘረጋሁላት። «ተዪኝ» አለችኝ፣ በቁጣ ማለት ይቻላል፣ ብቻዋን ተነሳች።

አናቱ ላይ እግራችን አስፋልት ረገጠ። በዚያች ቅጽበት ነፋስ መጣና ጉሙን እንደ መጋረጃ ገፈፈው።

ሰማያዊዋ መኪና ፊት ለፊታችን ናት። እጅ ቢዘረጋ ትነካለች። አባቴ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ አፉ ተከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ጢሙ አድጓል። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፤ የዳቦ ሽታ ከውስጥ ይወጣል።

«እማዬ፣ ወፍ!» አልኩ። ወፍ የለም። «እማዬ፣ እዪ፣ እዚያ!»

እናቴ ግን አታየኝም። መኪናዋን አየች። አባቴን አየች። ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር፣ የእሷን ቦታ፣ ትራስ የተደረገበትን አየች። እጇ ከበትሩ ላይ ተነሳ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«አላየሁም በዪ» አልኳት በሹክሹክታ። «እማዬ በእናትሽ፣ አላየሁም በዪ።»

ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የሆነውን አሁንም በትክክል መናገር አልችልም። ቀስ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለቱንም፣ ሕፃን ድብብቆሽ ሲጫወት እንደሚጨፍነው፣ ግንባሯ እስኪጨማደድ።

«ምኑን?» አለች። «እኔ ያየሁት ነገር የለም። እጄን ያዢኝና አሻግሪኝ።»

ያዝኳት። በመኪናዋ አፍንጫ በኩል፣ በሽቦ የታሰረውን መከላከያ ቀሚሷ እየነካው፣ አባቴ እያንኮራፋ፣ አስፋልቱን አሻገርኳት። ማዶ ቢጫው ቀለም አለ። ትንሽ ቁልቁል ወርደን መንገዱ ከታጠፈ በኋላ፣ «ደረስን?» አለችኝ።

«ደረስን።»

ዓይኗን ገለጠች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አቅፋኝ ብዙ ቆየን። 

ለምን ዓይኗን እንደጨፈነች ካደግሁ በኋላ ጠይቄያታለሁ። «የገደለኝ የዳቦው ሽታ ነው» አለችኝ። «ሌላ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆሜ ባየው ኖሮ በሩን ከፍቼ እገባ ነበር። ገባሁ ማለት ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቴ ቲኬት ቆርጬ እቀራለሁ። ለአባትሽም የነገርኩት ይሄንኑ ነው። ባየው አልችልም፣ መኪናው ውስጥ እገባና ጉዞዬ ያበቃል፣ አልኩት። አንቺ ምን ሰምተሽ ኖሯል?»

ምን እንደሰማሁ ግን ቀደም ብላ ታውቃለች። ወደቡ ላይ፣ በራሴ አፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ለፍልፌዋለሁ።

ቁልቁለቱ ቀናት ፈጀብን። ጉልበት ቢያምም ትንፋሽ አይነሳም፤ እናቴ መዝፈን ሁሉ ጀመረች። አንድ ቀን አየሩ ጨው ጨው አለ። በማግስቱ ከዛፎቹ መሐል ባሕሩ ብቅ አለ፣ ግራጫ፣ ከጠበቅሁት በላይ ሰፊ። መንገዱ አሮጌው የጨው መጋዘን ደጃፍ ላይ፣ ባሕሩ የሚልሰው ደረጃ ላይ ያልቃል። እናቴ የመጨረሻውን ቢጫ ምልክት በመዳፏ ነካችው። ጫማዋን ሳታወልቅ ደረጃውን ወርዳ ውሃው ውስጥ ገባች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ።

አባቴ ከመጋዘኑ ጥግ ወጣ። ጢሙን ተላጭቷል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከቤት አሁን የመጣ ሰው ለመምሰል የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። እኔ ሮጬ መሐላቸው ገባሁና ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«አትዪው! አላየሽውም! እማዬ፣ አባዬ ምንም አላጠፋም፣ አትተዪው!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቧንቧውን፣ ድንቹን፣ አበቃ ያለችውን፣ እንሽላሊቷን፣ መስኮቱ ሥር የደረደርኩትን ወንበር ሁሉ። መረብ የሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆች እጃቸውን አቁመው ያዳምጡኛል።

አባቴና እናቴ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። እስክትስል ሳቀች፣ እየሳለች ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ አነሳኝ፣ ከባድ ብሆንም። «ይሄን ሁሉ መንገድ ይሄን ተሸክመሽ ነው የመጣሽው?» አለኝ። አንገቱ ላይ ተሸጉጬ አለቀስኩ።

«አንተስ» አለች እናቴ ከውሃው ውስጥ፣ «መቼ መጣህ?»

«አሁን፣ ገና አሁን» አለ አባቴ።

«እህ! ሾርባው ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት ሲሆንብኝ ነው እንዴ የማላውቀው?»

አባቴ እንደ ሕፃን ቀላ።

መሪነቷን መለሱላት። ኃላፊው ቃሉን ማጠፍ ስላልቻለ፣ ማንም የማይፈልገውን ቡድን ሰጣት፤ ሽማግሌዎችን፣ ጉልበት የሚያማቸውን፣ ልጅ ይዘው የሚመጡትን። እሷም ተቀብላ፣ ከእኔ ጋር ያየናቸውን ሁሉ እያሳየች፣ በየመታጠፊያው እየቆመች ስትወስዳቸው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጤነኞቹም በእሷ ቡድን ካልሆነ አንሄድም ማለት ጀመሩ። እስክታረጅ ድረስ ሠራችበት።

ያን ቀን ግን ወደብ ላይ፣ አባቴ የመኪናውን በር ከፍቶ ትራሱን ካስተካከለ በኋላ፣ እናቴ አልገባችም። ጫማዋ ውሃ እየተፋ አጠገቡ ቆማ፣ «አንተ እኮ በአስፋልት ዞረህ ነው የመጣኸው» አለችው። «መንገዱን አላየኸውም።»

«ኋላ አየዋለሁ። አሁን ደክሞሻል።»

«ከላይ፣ ከመጀመሪያው መታጠፊያ፣ ባሕሩ ሁሉ ይታያል። ሚጡ ናት ያገኘችው።»

በትሯን አነሳች። አባቴ የሚያብረቀርቅ የከተማ ጫማውን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ እኔን አየ። በሩን ዘጋውና ተከተላት። ጥቂት እንደወጣች ቆመች፣ እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ። ክርኗን ሊይዝ ሲል በትሯን ወደ አንድ ቁጥቋጦ ጠቆመች። አባቴም እጁን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥቋጦውን አየ። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ፣ አንዲት ቅጠል ሳያስቀር አየ።